60 ተማሪ በሞላበት ክፍል ለየት ያለውን ልጅ እንዴት እናስተምር?

ይህን የምጽፈው ለልዩ ፍላጎት ባለሙያ አይደለም። ለተራው የክፍል መምህር ነው። አንድ ዴስክ ላይ 3 ልጅ አስቀምጦ፣ የጠመኔ አቧራ እያስነጠሰው፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ ስም ጠርቶ፣ ደብተር አርሞ፣ አዲስ ትምህርት አስተምሮ ለሚወጣው። ከነዚያ ልጆች መሃል አንዱ ኦቲዝም አለው፣ ማለትም ከሰው መግባባትና ድንገተኛ ለውጥን መቀበል የሚከብደው የአእምሮ እድገት ልዩነት። አንዷ መቀመጥ አይሆንላትም። አንዱ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ከስሙ ሌላ ማንበብ አይችልም። መምህሩን ደግሞ ማንም መጥቶ እንዲህ አድርግ አላለውም።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር፣ ተገቢው ድጋፍ እየተደረገላቸው እንዲማሩ ይላል። የድጋፍ መስጫ ማዕከል የተከፈተባቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ። እናንተ ጋ ካለ እሰየው፣ ሄዳችሁ አንኳኩ። ከሌለ ግን ልጁ ነገም ጠዋት የሚመጣው እናንተው ክፍል ነው፣ ስለዚህ ባለው እንጀምር።

1. መጀመሪያ ጆሮና ዓይን ይታይ

“አይሰማም” የሚባል ልጅ አንዳንዴ እውነትም አይሰማም። ጆሮው ሲመግል የኖረ ይሆናል። ሰሌዳው የማይታየው ልጅም “ቀልቡ የለም” ይባላል። ስለዚህ ምንም ስም ሳትለጥፉ በፊት ወላጆቹ ጤና ጣቢያ ወስደው ጆሮውንና ዓይኑን እንዲያስመረምሩ ጠይቁ። ይሄን ዘለው፣ ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ አይተው “ኦቲዝም ነው መሰለኝ” የሚሉ መምህራን በዝተዋል። እኛ መርማሪ አይደለንም። ያየነውን እንጽፋለን፣ ስሙን ሐኪም ይስጠው።

2. መቀመጫ

ከፊት፣ ከዳር፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ። ሦስት ሆነው ሲቀመጡ መሃል አይሁን። አለቀ።

3. ከመጮሁ በፊት ምን ሆነ?

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ሲጮህ፣ ዴስክ ሥር ሲገባ፣ ደብተር ሲቀድ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ከጩኸቱ በፊት የነበሩትን 2 ደቂቃዎች ግን ማንም አያስታውሳቸውም። መፍትሔው ያለው ደግሞ እነሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንድ ርካሽ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ 3 ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ቀድሞ ምን እንደሆነ፣ በሁለተኛው ልጁ ምን እንዳደረገ፣ በሦስተኛው ከዚያ በኋላ ምን እንደተከተለ ትጽፋላችሁ፣ ከጎኑ ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን። “ረበሸ” ብላችሁ አትጻፉ፣ እሱ ምንም አይነግርም። “እርሳሱን ወረወረ፣ ጆሮውን ይዞ ዴስክ ሥር ገባ” በሉ። ቢያንስ 2 ሳምንት ሳትጽፉ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ኦቲዝም እንዳለው በሐኪም የተነገረለት አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አስተምሬ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ስሙ ሲነሳ “እሱ ሒሳብ ይጠላል” ይባላል። እውነትም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሒሳብ ላይ ነው። ደብተሩ ላይ መጻፍ ሲጀመር ግን ሌላ ነገር መጣ። ሒሳብ ኖሮ ዝም ያለባቸው ቀኖች አሉ፣ አማርኛ ላይ የጮኸባቸውም አሉ። የመጀመሪያው ዓምድ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ ሰሌዳ ተደመሰሰ፣ ሰሌዳ ተደመሰሰ፣ ሰሌዳ ተደመሰሰ።

ልጁ የጀመረውን ሳይጨርስ መተው አይሆንለትም። የሚገለብጠው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ፊደል አሳምሮ ነው። አራተኛው መስመር ላይ እያለ ዳስተሩ ያልፋል፣ የሚጽፈው ነገር ከፊቱ ይጠፋል። ሒሳብ ላይ የሚብሰው ሰሌዳው ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላና ስለሚጠፋ ነው። ቁጥርማ ይወድ ነበር፣ የመኪና ታርጋ በቃሉ የሚይዝ ልጅ ነው።

መድኃኒቱ ሳንቲም አላስወጣም። ሰሌዳው በጠመኔ ለሁለት ተከፈለ። የሚደመሰሰው ሁልጊዜ ቀድሞ የተጻፈው ግማሽ ብቻ ነው። ከመደምሰሱ በፊት ልጁ አጠገብ ጠጋ ብሎ፣ ዴስኩን በጣት ነካ አድርጎ፣ “2 መስመር ጻፍ፣ ከዚያ ይጠፋል” ማለት ነው። ከሩቅ ጮክ ብሎ ማለት አይሠራም፣ ለ60 ልጅ የተነገረ ነገር ለእሱ እንደተነገረ አይቆጥረውም። ካልደረሰ ከጎኑ ያለችው ልጅ ደብተሯን ታውሰዋለች። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ቆመ ብዬ አልዋሽም። ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያው የሚያፏጭበት ጠዋት እስከ መጨረሻው ከባድ ነበር። የሒሳቡ ግን ቀረ።

ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እናንተ አትዝለሉት። ማንበብ የምትፈራ ልጅ ተራዋ ሊደርስ ሲል ጎረቤቷን ትቆነጥጣለች፣ “ውጪ!” ትባላለች፣ ከማንበብ ተረፈች። እኛ ቀጣናት ብለን እናስባለን፣ እሷ ግን ዘዴው እንደሚሠራ ነው የተማረችው። እንዲህ ያለ ነገር ዓምዱ ላይ ሲደጋገም ማባረሩን ትታችሁ ንባቡን አቅልሉላት። ነገ የምታነበውን አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ቤቷ ይዛ ትሂድ፣ ተለማምዳበት ትምጣ።

ዱላና ማንበርከክን በተመለከተ ብዙ ማውራት አልፈልግም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው አስቀምጦታል። ከዚያም አልፎ አይሠራም። ጆሮውን በያዘ ቁጥር “እጅህን አውርድ” እየተባለ ሲመታ የነበረ ልጅ አውቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱን በር ማለፍ እምቢ አለ። ጆሮ መያዝ፣ መወዛወዝ፣ እጅ ማርገብገብ ማንንም አይጎዳም። ልጁ ራሱን የሚያረጋጋበት ነው፣ ተዉት።

4. ቀኑን በሥዕል አሳዩት

ኦቲዝም ላለው ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነው። ካርቶን ፈልጉ፣ የጫማም ይሁን የፓስታ። በትንንሹ ቆራርጣችሁ መጽሐፍ፣ ቁጥር፣ ኳስ፣ ሳህን፣ ቤት ሣሉበት። መሣል አልችልም አትበሉ፣ ተማሪዎቻችሁ ይችላሉ። በክፍለ ጊዜው ቅደም ተከተል ዴስኩ ላይ ደርድሩለት፣ ያለቀውን ራሱ ይገልብጠው። መምህር ከቀረ ወይም ስብሰባ ካለ ጠዋቱኑ ካርቶኑን ቀይሩና አሳዩት። ሲደርስ ማየት ሌላ ጩኸት መጥራት ነው።

በቀለም ታትሞ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሥዕል የሚሸጡ አሉ። ገንዘባችሁን አስቀምጡ። በቢጫ አውቶቡስ የሚሳፈር ፈረንጅ ልጅ በእግሩ ለሚመጣው ምን ይነግረዋል? የስልክ አፕም ይቅርባችሁ፣ ስልክ ከኪስ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ ይነሳል።

5. መቀመጥ ለማይሆንላት ልጅ ሥራ ስጧት

ኤዲኤችዲ (ትኩረት መሰብሰብና ረግቶ መቀመጥ የሚያስቸግር ሁኔታ) ያለባት ልጅ የምትንቀሳቀሰው ልታናድዳችሁ ብላ አይደለም። ጠመኔ ታምጣ፣ ደብተር ትሰብስብ። ሰሌዳም ትደምስስ፣ ቁጥር 3 ላይ ያነሳሁትን፣ ሰሌዳ ሲጠፋ የሚጮኸውን ልጅ ሳትረሱ። 10 ጥያቄ ካለ 3 ስጧት፣ ጨርሳ ይዛላችሁ ትምጣ፣ ሌላ 3 ጨምሩላት። ትእዛዝ አንድ በአንድ ይሁን። “ደብተር አውጡ፣ ገጽ 14 ግለጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ጥያቄ 2ን ሥሩ” በአንድ ትንፋሽ ሲባል እሷ ደብተሯን እንደያዘች ትቀራለች።

6. ፊደል አልያዝ ላለው

ከሀ እስከ ፐ እያዜመ የሚወርድ ልጅ ያነባል ማለት አይደለም። የያዘው ዜማውን ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ “ጌ”ን ብቻዋን ካርቶን ላይ ጽፋችሁ አሳዩት። ከ“ገ” ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ ከደረሰባት ገና አላወቃትም።

ገበታው 33 ፊደል በ7፣ 231 ነው። ዲስሌክሲያ (ፊደልን ከድምፁ አያይዞ ማንበብ የሚያስቸግር ሁኔታ) ላለበት ልጅ ይሄን ሁሉ በተርታ ማውረድ ዋጋ የለውም። የሚመሳሰሉትን አራርቁ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለዩት በአናታቸው ላይ ባለችው ጭረት ነው፣ ገበታው ደግሞ ጎን ለጎን ነው የሚደረድራቸው። ሰ በደንብ እስክትያዝ ድረስ ሸን አታምጧት። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸውና ለጊዜው አንዷ ትበቃለች። ልጁ ሐኪምን በ“ሀ” ቢጽፍ ቀይ እስክሪብቶ አታውጡ።

ከዚያ ቅጥያው ነው። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ከወገቡ፣ ሣልስ ከእግሩ ጭረት ይይዛል፦ ለ ሉ ሊ፣ በ ቡ ቢ፣ ሰ ሱ ሲ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፦ ሌ ቤ ሴ። ይሄን ደንብ ልጁ አሸዋ ላይ በጣቱ እየጻፈ ይያዘው። ጉዱ ያለው ሳድስ ላይ ነው። ል፣ ስ፣ ት፣ ን፣ ር እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚታጠፉት፣ ደንብ የላቸውም። አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው። ስለዚህ ሳድስን በገበታ ሳይሆን በቃል ውስጥ አስተምሩት፦ ቤት፣ ልጅ፣ በር፣ ስም። የራሱ ስም ውስጥ ሳድስ ካለ ከዚያ ጀምሩ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ያነሳሳቸው ኦቲዝም ያለው የገዛ ልጃቸው ነበር። መናገር ለሚቸግራቸው ልጆች ያዘጋጁትን አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ዘዴም ከዚሁ ከፊደላችን ድምፅ ተነስተው ነው የሠሩት። የውጭ ፕሮግራም ካላመጣን የሚሉ ሰዎች ይሄን ቢያዩት ጥሩ ነው።

7. ፈተና

ጊዜ ጨምሩለት፣ ጥያቄውን አንብቡለት፣ መልሱን በቃል ተቀበሉት። ተከታታይ ምዘና ላይ ይሄ ሁሉ በእጃችሁ ነው። ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚወጣ ፈተና ከሆነ ግን ይህ እንዲፈቀድለት ማመልከቻችሁ በጽሑፍ፣ አስቀድሞ ይቅረብ፣ የፈተናው ዕለት ጠዋት ማንም አይሰማችሁም። ሌሎቹ “ለእሱ ለምን?” ማለታቸው አይቀርም። “እሱ በዚህ ነው የሚችለው” ይበቃል። ልጆች ከአዋቂ ቶሎ ይቀበላሉ።

8. ወላጅ

የመጀመሪያው ስልካችሁ የስሞታ አይሁን። የእንዲህ ዓይነት ልጅ እናት ትምህርት ቤት ስትጠራ ገና ከበሩ ነው የምትሸማቀቀው።

“መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋ?”

“ምንም አላጠፋም እናቴ፣ ይቀመጡ። ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስጨንቀውና በምን እንደሚረጋጋ እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።”

ከዚያ ጻፉ። እናንተ በወር የማትደርሱበትን እሷ በ10 ደቂቃ ትነግራችኋለች። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች አሉ፣ አትከራከሯቸው። ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው፣ ትምህርቱም አይቋረጥ በሏቸው። አዲስ አበባ ላሉት ደግሞ ከጆይ ሌላ ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዳለ ንገሯቸው። ሌላ ወላጅ ማግኘት ብቻውን ብዙ ነገር ያቀላል።

9. ሰኔ ላይ

ትምህርት ሳይዘጋ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ምን ያስጨንቀዋል፣ በምን ይረጋጋል፣ የት ይቀመጣል፣ ከማን ጋር ይስማማል፣ ሰሌዳው እንዴት ይደመሰሳል። የበሽታ ስም በትልቁ አትጻፉበት፣ የሚቀጥለው መምህር ከስሙ በታች ያለውን ላያነብ ይችላል። ወረቀቱን ለሚቀበለው መምህር በእጁ ስጡት። መዝገብ ቤት ከገባ መስከረምም አይወጣም።