ስለ ጥንቷ አናቶሊያ ቤተ መንግሥቶች ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ሰው በብዛት የሰፈረበትን ቦታ ሁሉ ንጉሥ ይገዛው ነበር ብሎ መነሣት ነው። አናቶሊያ በአብዛኛው የዛሬዋ ቱርክ ናት፤ በዚያም በቻታልሆዩክ ሰዎች ከ9,000 ዓመት በፊት ጀምረው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቤት ከቤት ተደግፈው ኖረዋል። ወደ ቤታቸው የሚገቡት ከጣሪያ በመሰላል ወርደው ነበር። በዚያ ሁሉ ቁፋሮ ግን ቤተ መንግሥት አልተገኘም።

ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጥ ያንገበግበኛል፤ ግድግዳውን እያደነቁ የቆሻሻ መጣያውን መርሳት። በማላትያ አጠገብ በምትገኘው አርስላንቴፔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት ማብቂያ ከጭቃ ጡብ የታነጸ ቤተ መንግሥት አለ። ሰው የሚያወራው ስለ ግድግዳ ሥዕሎቹና ስለ መዳብ ሰይፎቹ ነው። ሥልጣኑ በየቀኑ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚናገሩት ግን አብዛኞቹ ከቆሻሻ መጣያው የወጡ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ ማኅተም ያረፈባቸው የጭቃ ስብርባሪዎች ናቸው። የዕቃ ቤቱ በር በገመድ ይታሰራል፤ ቋጠሮው ላይ እርጥብ ጭቃ ይለጠፋል፤ ኃላፊው ማኅተሙን ያሳርፍበታል። መክፈት የፈለገ ጭቃውን መስበር አለበት። ስብርባሪውም ወዲያው አይጣልም፤ ሒሳብ እስኪተሳሰብ ድረስ ይቀመጣል። ዛሬም ቁራጩን ገልብጦ ላየ ሰው የገመዱ ጥምዝ ከጀርባው ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአርስላንቴፔ ጽሕፈት ስላልነበረ መዝገቡ ይኸው ጭቃ ነበር። በዕቃ ቤቶቹ በገፍ የተሠሩ የሸክላ ሳህኖችም ተገኝተዋል፤ ገዢዎቹ ለሠራተኛው ምግብ ያድሉ ነበርና።

ቤተ መንግሥቱ ሁሉን ጠቅልሎ ይዞ ነበር ማለትም ስህተት ነው። የንግድ ከተማ በነበረችው በካነሽ፣ በዛሬዋ ኩልቴፔ፣ ከ20,000 የሚበልጡ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የጭቃ ጽላቶች ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ የተገኙት ቤተ መንግሥቱ ካለበት ጉብታ ግርጌ በነጋዴዎች ቤት ነው። የአሦር ነጋዴዎች ጨርቅና ለነሐስ መሥሪያ የሚሆን ቆርቆሮ በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ ገዢው ቀረጡን ይወስዳል፤ በምላሹም ደኅንነታቸውን ይጠብቃል። ቀረጥ ሸሽተው ዕቃ በስውር የሚያሾልኩም ነበሩ።

በመጨረሻም ቤተ መንግሥትን እንደ አንድ ሕንጻ አንመልከት። አናቶሊያን ይገዙ የነበሩት የሒታውያን ዋና ከተማ በነበረችው ሐቱሻ፣ በቡዩክካሌ አምባ ላይ ያለው እኛ «ግቢ» የምንለው ዓይነት ነው፤ አደባባይ ከአደባባይ፣ በር ከበር የሚከተልበት። በግቢው ውስጥ ማን ወዴት እንደሚንቀሳቀስ በሥርዓት የተወሰነ ነበር። ለንጉሡ ዘበኞች የተጻፈው የሥርዓት ጽላት ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ዘበኛ ሽንቱ ቢመጣ እንኳ በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ አይሄድም። ጥያቄው በማዕረግ ተዋረድ ወደ አለቃው ይደርሳል፤ ዘበኛውም ፈቃዱን ይጠብቃል።