ሌላ መጽሐፍ ከመክፈታችሁ በፊት
የንባብ ቻሌንጅ ላይ ላላችሁ፦ ስላነበባችሁት መጽሐፍ ማስታወሻ ስትይዙ ታሪኩን በማጠቃለል አትድከሙ። እሱ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የተሰማችሁን ጻፉ፤ ያውም የሰው አስተያየት ከማየታችሁ በፊት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እየሠራሁ እንኳ በላይ በላዩ ያነበብኳቸው ልብ ወለዶች ይደበላለቁብኛል። ስለዚህ ዕልባት በማደርጋት ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ እያነበብኩ የገጽ ቁጥርና አንድ ሁለት ቃል ጫር አደርጋለሁ፦ «ገጽ 112፣ ተናደድኩ»፤ «ገጽ 140፣ እንቅልፌ መጣ»። (የተዋሳችሁት መጽሐፍ ላይ ግን እንዳትጽፉ፣ አደራ!) ስጨርስ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ይህን ማን ቢያነበው ይወደዋል? «ግሩም መጽሐፍ ነው» ከማለት ይህ መልስ ብዙ ይናገራል። ያቋረጣችሁትንም መዝግቡ፤ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሰለቻችሁ ጭምር።