ቨርጂኒያ ላይ «ትኬት ነው፣ ክፈልና እርሳው» አትበሉ

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ትኬት ቆርጠውብኝ ኦንላይን ልክፈል ብል እምቢ አለኝ» ይላል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ሪክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) ነው። ለስንቱ በስልክ እንደማስረዳ እንጃ፣ እዚህ ልጻፈው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ፣ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ ከነዳችሁ፣ ነገሩ ሪክለስ ድራይቪንግ ይባላል፣ ወንጀልም ነው። ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ) ይሉታል። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል። ሜሪላንድ ያለው ዘመዳችሁ «እኔ ከፍዬ ተገላገልኩ» ቢላችሁ አትስሙት፣ የእሱ ሕግ ሌላ ነው።

እኔም የተያዝኩት በዚሁ ነው። ገደቡ 70 በሆነ ሀይዌይ ላይ 87 ስነዳ ነበር። ፖሊሱ በትህትና አናግሮ፣ አስፈርሞ ሸኘኝ፤ ወረቀቱም ሲያዩት ከተራ ትኬት አይለይም። የሚያዘናጋው ይሄ ነው። ፊርማው «በቀጠሮዬ እቀርባለሁ» ማለት እንጂ ማመን አይደለም፣ ስለዚህ ፈርሙ። ከዚያ ግን ቀኑን እንዳታሳልፉ። ከቀራችሁ ዳኛው በሌላችሁበት ሊፈርድ ወይም የእስር ማዘዣ ሊያወጣ ይችላል። ጠበቃዬ ከዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት) የመንጃ ሪከርዴን እንዳወጣና የመኪናዬን ፍጥነት መቁጠሪያ ጋራዥ አስፈትሼ ወረቀት እንድይዝ ነገረኝ። ሁለቱንም ይዤ ቀረብኩ፣ ክሱ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ አለልኝ። ባይወርድ ኖሮ 11 ዓመት ሪከርዴ ላይ ይቀመጥ ነበር።

የቤት ውስጥ ጠብ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። የተጠራ ፖሊስ ድብደባ ስለመኖሩ በቂ ምክንያት ካገኘ ዋናውን አጥቂ ማሰር አለበት፣ «ታርቀናል» ስላላችሁት አይተውም። ከሳሹ ሚስት ሳትሆን መንግሥት ነው፤ እሷ ይቅር ብትልም ክሱ ሊቀጥል ይችላል። አትገናኙ የሚል ፕሮቴክቲቭ ኦርደር እያለ ሽማግሌ መላክማ ራሱ ሌላ ወንጀል ሊሆን ይችላል። እውነቱን ልናገር፣ ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ። በሽማግሌ ተለምና ወደ ዱላው የተመለሰች ሴት ስንት ናት!

ዜግነት የሌላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዳኛው 12 ወር ፈርዶ ሁሉንም በገደብ ሲያደርገው እስር ቤት ስላልገባን እንደሰታለን። ኢሚግሬሽን ግን ገደቡን አያይላችሁም፣ 12 ወር እንደተፈረደባችሁ ነው የሚቆጥረው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጥቃት የተከሰሰ ሰው በፕሮባሽን (በፍርድ ቤት ክትትል) ቆይቶ ክሱ የሚዘጋበት መንገድም አለ። ጥፋቱን አምኖ ከገባበት ስቴቱ ቢዘጋለትም ለኢሚግሬሽን ጥፋተኛ ነው። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ደግሞ መንግሥት ጠበቃ አያቆምላችሁም።

ስለዚህ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት የወንጀል ጠበቃችሁን «ይሄ ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የመባረር አደጋ ካለ ጠበቃ ለደንበኛው መንገር አለበት ብሎ ወስኗል። ጠበቃው «እሱ የእኔ ሥራ አይደለም» ካላችሁ፣ ምንም ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።