ዛፉ ቢጠወልግ፣ ውሃ ከመክፈታችሁ በፊት

ሞቃት አካባቢ ላይ ደን የሚያለማ ሰው ችግር ሲያይ መጀመሪያ አፈሩን ይጭራል። እኔ ብሆን ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ዛፍ በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚያተን በአመዛኙ የሚወስኑት ፀሐይ፣ የአየሩ ድርቀትና ንፋስ ናቸው። አፈሩ ድምፁን የሚያሰማው ውሃ ሲያልቅበት ነው።

አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ግን ቀትር ላይ ይጠወልጋል

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቅጠል ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲያይ ሮጦ ቧንቧ ይከፍታል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አየሩ ነው። አየሩ ውሃ የሚስብበት ጉልበት ሥሩ ከሚያቀርበው በልጧል። ይህ ጉልበት የሚለካው አየሩ በእንፋሎት እስኪጠግብ ድረስ በሚጎድለው ግፊት ነው። አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ) 50 በመቶ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ጉድለቱ በግፊት መለኪያ 1.2 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። እርጥበቱ እዚያው 50 ላይ ቆሞ ሙቀቱ 30 ሲገባ ግን 2.1 ይደርሳል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ የእርጥበቱን መቶኛ ብቻ አይቶ «አየሩ ያው ነው» ማለት አያዋጣም። ዛፉም ዝም ብሎ አያይም፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ያጠባል፣ የሚያወጣውን ውሃ ይቆጥባል።

መፍትሄው ማልዶ መነሳት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ሄዳችሁ እዩት። ቅጠሉ ቀና ብሎ ካገኛችሁት ሌሊቱን አገግሟል፣ ተዉት። ንጋት ላይም እንደጠወለገ ከሆነ ነገሩ ወደ ሥር ወርዷል። ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ላዩ ረጥቦ ታቹ ደረቅ ከሆነ ውሃ የምታጠጡት በጣም በትንሽ በትንሹ ነው። አራርቃችሁ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ አጠጡ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካቆረና አፈሩ ከሸተተ ደግሞ ሥሩ አየር አጥቷል። ያኔ ቦይ ቀዳችሁ ውሃውን አስወጡ። የታፈነ ሥር ላይ ውሃ መጨመር ዛፉን መግደል ነው።

ችግኝ ላይ ግን እንዲህ አትዝናኑ። ሥሩ አጭር ስለሆነ ላይኛው አፈር ሲደርቅ እሱም አብሮ ይደርቃል። ዙሪያውን አርሙ፣ ጉዝጓዝ አልብሱት።

ዝናብ ጥሏል፣ አፈሩ ግን ደረቅ ነው

ካፊያ ከሆነ አብዛኛው ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ቀርቶ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ሌላው ጣጣ የመለኪያው ቦታ ነው። በሞቃት አካባቢ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ አንዱን ኮረብታ አጥቦ ቀጣዩን ሳይነካ ያልፋል። ራቅ ያለ ጣቢያ ዘነበ ስላለ የእናንተ ማሳ ጠጥቷል ማለት አይደለም።

የራሳችሁን የዝናብ መለኪያ ገላጣ ቦታ ላይ ትከሉ። በአቅራቢያው ካለው ዛፍ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ያህል ይራቅ። ከዛፎቹ ሥርም ብዙ መለኪያ በትኑ፣ ጠብታው እኩል ስለማይወርድ አንድ አይበቃም። ገላጣው ላይ በተለካውና ከዛፎቹ ሥር ባለው አማካይ መካከል ያለው ልዩነት ቅጠሉ ያስቀረውንና በግንዱ ተንሸራቶ የወረደውን ውሃ በአንድ ላይ ይነግራችኋል። ለሂሳብ እንዲመቻችሁ፣ በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት 10,000 ሊትር ነው።

ዳር ያሉት ቀድመው ይደርቃሉ

ከገላጣ መሬት የሚመጣ ትኩስ ደረቅ ንፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ፀሐይም በጎን ትመታቸዋለች። ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ድርቅ የሚችል ዝርያ በረድፍ ትከሉ። የውሃ ፍጆታ ለመለካት ዛፍ ስትመርጡም ዳር ያሉትን ተዉ፣ መሃሉን አይወክሉም።

የግንዱ ሴንሰር ከሚጠበቀው በታች ያነባል

ይህ ሴንሰር በግንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ ይለካል። በ1985 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ግራኒየር ያስተዋወቀው ዘዴ እንዲህ ይሠራል። ግንዱ ውስጥ ሁለት መርፌ ይገባል፣ አንደኛው ይሞቃል። ውሃ ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ይቀንሳል። ልዩነቱ ከፍ የሚልበት የሌሊት ሰዓት «ፍሰት የለም» ተብሎ እንደ ዜሮ ይያዛል።

ችግሩ ደረቅና ነፋሻ ሌሊት ላይ ነው። ዛፉ ያኔም ውሃ ያሳልፋል፣ ቀን የጎደለበትንም ግንዱ ውስጥ ይሞላል። የውሸት ዜሮ ከያዛችሁ የቀኑ ቁጥር አንሶ ይወጣል። ስለዚህ ዜሮውን የዘነበበት ወይም ጭጋግ የወረደበት ሌሊት ላይ ያዙ። በነገራችን ላይ፣ ቅጠሉ በረጠበበት ቀን ንባቡ ቢወርድ ሴንሰሩን አትንቀሉ፤ የረጠበ ቅጠል ውሃ የሚያወጣው በጥቂቱ ነው።

ደኑ ካደገ ወዲህ ምንጩ በበጋ ይነጥፋል

መጀመሪያ የዓመታቱን ዝናብ አወዳድሩ። ዝናቡ ካልቀነሰ ዛፎቹን ጠርጥሩ። እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ቅጠሉን የማያረግፍና ሥሩ ጠልቆ የሚወርድ ዛፍ፣ ሣር በደረቀበት ወቅትም ከታች እየሳበ ያተናል። ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ሲሆን ይብስበታል። ቲክ የተባለው ዛፍ ግን በበጋ ቅጠሉን ስለሚያረግፍ በዚያ ወቅት የሚወስደው ይቀንሳል።

ምንጩንና ወንዙን ተጠግተው የተተከሉትን አንሱ። የቀረውን እየመረጣችሁ በመቁረጥ አሳሱ። አዲስ ስትተክሉም ሁሉም አንድ ላይ እንዳይጎረምሱ በየዓመቱ ከፋፍላችሁ ትከሉ። ማሳሳት ፋታ የሚሰጠው ለጊዜው ነው፤ የቀሩት ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ክፍተቱን ሲሞሉ ፍጆታው ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ማሳሳት ይኖርባችኋል።