ዋይፋይ ሲከፈት የሚያብድ ቦርድ፦ ሁሉን በአንድ ቺፕ ወይስ ለየብቻ?

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ተሸክሞ መጣ። የጫጩት መፈልፈያ ነው። የእንጨት ሳጥን፣ አምፖል፣ ማራገቢያ፣ ሪሌይ (አምፖሉን በኮድ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ የሙቀት ሴንሰር፣ ትንሽ ስክሪን፣ መሀል ላይ ኢኤስፒ32 የሚባል ቺፕ ያለበት ቦርድ። ሳጥኑ ለ21 ቀን 37.5 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ሲያሳየኝ ቁጥሩ ጸጥ ብሎ 37.4፣ 37.5 ይላል። ከስልኩ ለማየት ዋይፋዩን ሲከፍት ግን ቁጥሩ አበደ።

«ጋሼ፣ ቺፑ ፎርጅድ ነው መሰለኝ» አለኝ።

ፎርጅድ አልነበረም። ኢኤስፒ32 ፕሮሰሰሩን፣ ዋይፋዩን፣ ብሉቱዙንና አናሎግ መለኪያውን (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን) አንድ ቺፕ ውስጥ አጭቆ የያዘ ነው። ሌላው መንገድ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር (ኮዱን ብቻ የሚያስኬድ ቺፕ) ወስዶ ሬዲዮውን፣ ሰዓቱንና መለኪያውን ለየብቻ መግጠም ነው። አብዛኞቻችን የምንመርጠው ዋጋ አይተን ነው። ሁለቱ ግን አበላሻቸው ለየቅል ነው። አንድ ቺፕ ውስጥ ያሉት ደባሎች ናቸው፤ ፒኑንም (የቺፑን እግሮች)፣ ኃይሉንም፣ ሙቀቱንም ይጋራሉ። ለየብቻ የተገጠሙት ደግሞ የሚነጋገሩት በሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ነገር ከማን ጋር ምን ይጋራል?» ብዬ ነው።

ዋይፋይ ሲከፈት ንባቡ ይዘባርቃል

ኢኤስፒ32 ሁለት አናሎግ መለኪያ አለው፤ ኤዲሲ1 እና ኤዲሲ2። ሁለተኛውን ዋይፋዩም ይፈልገዋል። ዋይፋይ እየሠራ እናንተ ተራ አይደርሳችሁም። ልጁ ሴንሰሩን የሰካው ፒን 25 ላይ ነበር፤ እሱ የኤዲሲ2 ነው።

መፍትሄው ከ32 እስከ 39 ካሉት ፒኖች ወደ አንዱ ማዛወር ነው። እነሱ የኤዲሲ1 ናቸው። ምንም ብር አይወጣም፤ ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር መቀየር ነው።

ወደ 33 አዛወርነው። እብደቱ ቆመ፣ መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቀውም። 36 ይላል፣ 38 ይላል፣ ደግሞ 37። ሴንሰሩ ኤልኤም35 ነው፤ ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 10 ሚሊቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ 20 ሚሊቮልት ጫጫታ ገባ ማለት 2 ዲግሪ ተሳሳተ ማለት ነው። ሬዲዮው እዚያው ጎኑ ተቀምጦ እየጮኸ ጸጥታ መጠበቅ አይቻልም። ከፒኑ ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስናደርግና 64 ጊዜ አንብበን አማካዩን ስንወስድ ተሻለው። የአፈር እርጥበት ለሚለካ ሰው ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ለእንቁላል ግን አይበቃም።

መለየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ኤዲኤስ1115 የሚባለውን ባለ16 ቢት መለኪያ ለብቻው ገጠምንለት፤ ሴንሰሩ ከሬዲዮው ጋር ደባልነቱ ቀረ። የድሃ መላ እንዳይመስላችሁ። በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር እንኳ የዩኤስቢውንና የፒኖቹን ሥራ ከዋናው ቺፕ አውጥቶ አርፒ1 ለተባለ ሌላ ቺፕ ሰጥቷል።

ቦርዱ በየደቂቃው እንደገና ይነሳል

ሲሪያል ሞኒተሩ (የቦርዱን መልእክት ላፕቶፑ ላይ የሚያሳየው መስኮት) ላይ «ብራውንአውት» የሚል መልእክት ካያችሁ ኮዳችሁን አትውቀሱ። ቮልቴጁ ወርዷል። ኢኤስፒ32 በዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 240 ሚሊአምፒር ይስባል፤ አምራቹም ቢያንስ 500 ሚሊአምፒር መስጠት የሚችል ምንጭ ይመክራል። መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። የምሬን ነው። ከርካሽ ቻርጀር ጋር የሚመጣው ቀጭን ኬብል ስንት ሰው አሳብዷል! ካልተሻለው 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ3.3 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል፣ ለቺፑ ቅርብ አድርጋችሁ በይዱ።

አንዳንዱ በኮድ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋዋል። ፊውዝ ሲቃጠል ሽቦ ጠምዝዞ እንደ መቀጠል ነው።

ዋይፋይ የሌለበት ቦታ ሆኖ በኤስኤምኤስ ለመላክ ሲም800ኤል የሚባለውን ባለሲም ካርድ ሞጁል ከጨመራችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ለቅጽበት 2 አምፒር ይጠይቃል፤ የሚፈልገውም ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። ከቦርዱ 3.3 ፒን አይበላም። የራሱን ምንጭ ስጡት፣ ግራውንዱን ብቻ አገናኙ።

ባትሪው ከሳምንት ብዙ አያልፍም

«ቺፑ ሲተኛ የሚበላው 10 ማይክሮአምፒር ነው ተብሎ የለ እንዴ?» ቺፑማ ልክ ነው። የሚበላው ቦርዱ ነው። ቀይ መብራቱ አለ፣ የዩኤስቢ ቺፑ አለ፣ ቮልቴጁን ወደ 3.3 የሚያወርደው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ብቻውን 5 ሚሊአምፒር አካባቢ ይጠጣል። ድምሩ 10 ሚሊአምፒር ከሆነ 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ በ200 ሰዓት አለቀ። ያ ሬጉሌተር ደግሞ 3.3 ለመስጠት ከላይ ከአንድ ቮልት በላይ ትርፍ ይፈልጋል፤ ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ 4.2 ስለሆነ አይበቃውም።

መልቲሜትሩን ከባትሪው ጋር በተከታታይ አስገቡና ቦርዱ ተኝቶ ለኩ። በሚሊአምፒር የሚቆጠር ካገኛችሁ ቺፑን አትቀይሩ፤ ቦርዱን ተዉና ባዶውን ሞጁል ትንሽ ከሚበላ ሬጉሌተር ጋር ተጠቀሙ። ስትለኩ ግን በማይክሮአምፒር ላይ ሆናችሁ እንዳታስነሱት። መልቲሜትሩ ራሱ ያንቀውና ቦርዱ አልነሳ ይላል። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ።

የብረት ሳጥን ውስጥ ሲገባ ዋይፋዩ ይጠፋል

ብረት ሬዲዮ አያሳልፍም። የፕላስቲክ ሳጥን፣ ወይም የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ሞጁል።

ሪሌዩ ቀጭ ሲል ስክሪኑ ይደርቃል

ይሄኛው የመለየት ዋጋ ነው። ልጁ መለኪያውን ከገጠምን ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። አምፖሉ በበራና በጠፋ ቁጥር ስክሪኑ ባለበት ይቀራል። መለኪያውም ስክሪኑም በአንድ ጥንድ የአይቱሲ ሽቦ (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው) ነው የሚነጋገሩት። የክንድ ርዝመት ያላቸው እነዚህ ሽቦዎች ከ220 ቮልቱ ገመድ ጋር አንድ ላይ ታስረዋል። ለማማር ብሎ! ስክሪኑ ደግሞ በ5 ቮልት የሚሠራ ሆኖ 5 ቮልቱን በሽቦው ወደ ኢኤስፒ32 ይመልሳል፤ የኢኤስፒ32 ፒን የሚችለው 3.3 ነው።

የቮልቴጅ መለወጫ ትንሿን ቦርድ መሀል አስገባን። ከእያንዳንዱ ሽቦ ወደ 3.3 ቮልት የ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር አደረግን። ሽቦዎቹን በጣት ርዝመት ቆርጠን በየድናቸው፤ ሪሌዩንና የመብራቱን ገመድ ወደ ሳጥኑ ሌላኛው ጎን ወሰድናቸው። ከዚያ አምፖሉን ሃያ ጊዜ ያህል አበራን፣ አጠፋን። ስክሪኑ አልደረቀም።