ሰንሰለት ሲያጓራ፣ ሞተር ሲግል፣ የልጅ ጆሮ ሲያም፦ በቱአሞቱ ደሴቶች በሸራ ጀልባ ለሚኖር ቤተሰብ ችግርና መፍትሄ

ቱአሞቱ በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ የሚገኙ፣ ቀለበት የመሰሉ የኮራል ደሴቶች ስብስብ ነው። ቀለበቱ ጠባብ መሬት፣ መሐሉ ሐይቅ ነው፤ ጀልባ የሚገባው በር፣ ማለትም ቀለበቱ ተከፍቶ ሐይቁ ከባሕሩ የሚገናኝበት መተላለፊያ ባላቸው ደሴቶች ብቻ ነው። መለዋወጫ ያለው ታሂቲ ላይ በፓፔኤቴ ከተማ ነው፤ ከፋካራቫ ደሴት 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በእጃችሁ ያለችውን አንድ ዕቃ ባልታመመ ቦታ ከገጠማችኋት ቀጣዩን የጭነት መርከብ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ፈልጉ።

ሌሊት ሰንሰለቱ ያጓራል፣ ጀልባው ይነጫል

ብዙ ሰው መልህቁ የለቀቀ መስሎት ተጨማሪ ሰንሰለት ይለቃል፤ ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። ነፋሱ በዞረ ቁጥር ጀልባውም ይዞራል፣ ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ባሉት የኮራል ጉቶዎች ይጠመጠማል። 50 ሜትር ለቃችሁ የሚሠራላችሁ ምናልባት 15 ብቻ ነው። ያጠረ ሰንሰለት ማዕበል ሲመጣ የመላላት ዕድል ስለሌለው ጀልባውን ይነጨዋል፣ ኮራሉንም ይሰብራል።

መፍትሄው ሰንሰለቱን ማንሳፈፍ ነው። ከዕንቁ እርሻ ተበጥሰው ዳርቻ ላይ የሚወድቁት ጠንካራ የፕላስቲክ ኳሶች ለዚህ ተወዳዳሪ የላቸውም። ጥልቀቱ 12 ሜትር ከሆነ መጀመሪያ 15 ሜትር ያህል ሰንሰለት አሸዋው ላይ ይተኛ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ኳስ፣ ቀጥሎም በየ5 ወይም 6 ሜትሩ አንድ አንድ በአጭር ገመድ እሰሩ። የመጀመሪያው ኳስ ወደ መልህቁ ከተጠጋ መልህቁን ከአሸዋው ይነቅለዋል።

እውነተኛው መንሸራተት በእግር ይታወቃል። ሰንሰለቱን በባዶ እግር ርገጡት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መልህቁ ወለሉን እያረሰ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የርዝመት ስሌት ነው፤ ሰው ጥልቀቱን ብቻ ይቆጥርና ከውኃው እስከ ጀልባው አፍንጫ ያለውን ከፍታ ይረሳል። 10 ሜትር ጥልቀትና 1.5 ሜትር ከፍታ 11.5 ነው፤ በ5 ሲባዛ 58 ሜትር ያህል፣ ነፋስ ሲበረታ በ7 ሲባዛ 80 ሜትር። ሞተሩን ወደ ኋላ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀስ በቀስም በኃይል አስጎትቱ፤ ዳርቻ ላይ በአንድ መስመር የሚታዩ ሁለት ዛፎች ካልተለያዩ ይዟል። መነጽር አድርጎ ጠልቆ ማየት ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ፋካራቫ ላይ ሌላም ነገር አለ። ማራአሙ የሚባለው ብርቱ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ማዕበሉ መንገዱን ሙሉ እያደገ ሰሜን ያለችው የሮቶአቫ መንደር ፊት ይደርሳል። እዚያ ምንም ያህል ሰንሰለት እንቅልፍ አይሰጥም። ትንበያውን እንዳያችሁ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ወዳለው ሂሪፋ ሂዱ፤ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ከኋላችሁ ሳለች፣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እያየ። ውኃ ውስጥ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ኮራል ነው።

ሞተሩ ይግላል

ከማስጠንቀቂያ መብራቱ በፊት ጆሮ ይሰማል፦ ውኃ እየተፋ የሚሠራው ጭስ ማውጫ ይደርቅና ድምፁ ይጎላል። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያውን ለመፍታት አትቸኩሉ። ሞተሩን አጥፉ፣ የባሕር ውኃ መግቢያውን ቫልቭ ዝጉ፣ የማጣሪያውን ክዳን ክፈቱ። ቅጠል ወይም ላስቲክ ከሞላበት ነገሩ አለቀ። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ የሚታይበት ከሆነ ከክዳኑ ጎማ አየር እየገባ ነው፤ ጎማውን አጽዱ፣ በስሱ ቅባት ቀቡት።

ቀጥሎ የውኃ ፓምፑ ኢምፔለር፣ ማለትም ክንፎች ያሏት የጎማ ክብ ናት። ክዳኑን በካቻቢቴ ፍቱ፣ በፒንሳ ሳቧት። አንድ ክንፍ ከጎደለ አዲሷን ገጥሞ መሄድ አይበቃም፤ የተቆረጠው ቁራጭ ሙቀት መለዋወጫው መግቢያ ላይ ተሰክቶ ስለሚቀር ሞተሩ በማግስቱም ይግላል። ቱቦውን ፍቱና ቁራጮቹን አግኙ፣ ቁጠሩ። አዲሷን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አለስልሳችሁ አስገቡ። ሁለት ኢምፔለርና ሁለት የክዳን ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ ይኑራችሁ። ፓምፑ የሚዞረው በቺንጋ ከሆነ፣ መሐሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ልክ ነው።

ሞተሩ በሩ ላይ ሲደርስ ይንተፋተፍና ይጠፋል

ሐይቁ ውስጥ ደህና የነበረ ሞተር የባሕሩ ማዕበል ሲያንገላታው የሚጠፋው ከነዳጁ ነው። በደሴቶቹ ናፍጣ ብዙ ጊዜ ከ200 ሊትር በርሜል ይቀዳል፤ ውኃና ዝቃጭ አብሮት ይገባና ታንከሩ ሲናወጥ ተነስቶ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ከፊልትሮው ሥር ባለው ብርጭቆ ውኃ ከታየ አፍስሱት፤ ፊልትሮውን ቀይሩ፤ የአየር ማስወጫውን ቡሎን አላሉና አረፋው እስኪጠፋ የእጅ ፓምፑን ግፉ። ሳይነሳ ደጋግማችሁ የምትሞክሩ ከሆነ የባሕር ውኃ ቫልቩን ዝጉ፤ አለዚያ ጭስ ማውጫው ሞልቶ ውኃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል፣ ያኔ የሞተር መግደያ ይሆናል።

በበሩ የውኃው ፍሰት ከ6 ኖት (በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል) ሊያልፍ ይችላል። ትልቅ የደቡብ ማዕበል በኮራሉ ላይ ተሻግሮ ሐይቁን ሲሞላ ውኃው በበሩ የሚወጣበት ጊዜ ይረዝማል፣ ውኃው መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚነግረው የሰዓት ሠንጠረዥም አይሠራም። ፊልትሮውን ከመነሳታችሁ በፊት ቀይራችሁ ሞተሩን 20 ደቂቃ በጭነት አሠሩት።

የመጠጥ ውኃው ይጨዋል

የባሕር ውኃ ማጣሪያ ማሽኑ ጨው የሚለየው በ55 ባር ያህል ግፊት ነው። የጨው መለኪያው በሊትር ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ካሳየ መጀመሪያ ግፊቱን እዩ። ዝቅ ካለ የመግቢያ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይም አየር ገብቷል። ግፊቱ ልክ ሆኖ ውኃው ከጨወ ሜምብሬኑ፣ ማለትም ጨውን የሚያስቀረው ስስ ሽፋን ተጎድቷል። ዋናው ገዳዩ ክሎሪን ነው፤ ከመሬት የተቀዳ የቧንቧ ውኃ በከሰል ፊልትሮ ሳያልፍ ለማጠቢያ አታስገቡት። ማሽኑ ካልሠራ በየሳምንቱ በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ልጁ ጆሮዬን ይላል፤ የእግሩ ጭረት አይድንም

የጆሮውን ቅጠል ስትጎትቱት የሚጮኽ ከሆነ ሕመሙ የውጭ ጆሮ ቱቦ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከመዋኘት የሚመጣ። ነጭ ኮምጣጤና የሕክምና አልኮል እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ከዋና በኋላ ጥቂት ጠብታ ማድረግ መከላከያ ነው፤ ጆሮው ከታመመ ወይም ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ አይደረግም። ሐኪም አስቀድሞ ያዘዘውን የጆሮ ጠብታ ተጠቀሙ፤ ጆሮው እስኪድን ዋና የለም፣ ልጁ ቢያለቅስም።

የኮራል ጭረት የማይድነው ስብርባሪው ውስጥ ስለሚቀር ነው። ባሕር ውኃ ቁስል ያድናል የሚባለው እዚህ አይሠራም። በንጹሕ ውኃና ሳሙና እጠቡ፣ ስብርባሪውን በወረንጦ ልቀሙ፣ ደረቅ አድርጉ። መቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ዓሣ ከተበላ ከሰዓታት በኋላ ትውከት፣ የከንፈር መንዘር፣ ቀዝቃዛው ውኃ ማቃጠል ከመጣ ሲጓቴራ የሚባለው የዓሣ መመረዝ ነው። መርዙ በማብሰልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም፤ በትልልቅ የኮራል ዓሦች ይበረታል። ዝንብ አረፈበት፣ ድመት በላው የሚለው ሙከራ ዋጋ የለውም። በዚያው ደሴት የሚያጠምዱትን ጠይቁ፤ አንዱ በር ላይ የሚበላው ዓሣ ሌላው በር ላይ ላይበላ ይችላል። የታመመ ሰው ሐኪም ይየው፤ ለወራትም ከዓሣና ከአልኮል ይራቅ።

የሽንት ቤቱ ፓምፕ ጠነከረ

ሽንትና ባሕር ውኃ ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ ኖራ የመሰለ ቅርፊት ይጋገራል። ፓምፑን አትውቀሱ። ቱቦውን አውጥታችሁ ወደብ ላይ ሲሚንቶው ላይ ደብድቡት፤ ቅርፊቱ ተሰባብሮ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በተጠቀሙ ቁጥር 10 ጊዜ ተጨማሪ ይግፉ፣ ሽንቱ ቱቦው ውስጥ እንዳያድር።