ጥፋቱ የጨው አልነበረም፣ የብርድ ነው

የባህር ዓሣ ላኖርበት ያዘጋጀሁት ገንዳዬ ከአምስት ሳምንት ትግል በኋላ ተስተካከለ። 100 ሊትር ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ ሳሎን ጥግ። የባህር ጨው በጥብጬ፣ ቁራጭ ሽሪምፕ ጣል አድርጌ፣ ሲበሰብስ የሚወጣውን አሞኒያ (ለዓሣ መርዝ ነው) መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት የሚለውጠው ባክቴሪያ እስኪራባ ጠበቅኩ። መለኪያው ግን በየቀኑ ያው አረንጓዴ፤ አሞኒያ አለ፣ ናይትራይት ዜሮ። ዓሣ አለማስገባቴ በጀኝ። እናቴማ "ይሄ ባዶ ውሃ ነው መብራት የሚበላው?" ትላለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጨዉን ነበር። ለካሁት፣ የውሃው ጥግግት ከንጹህ ውሃ አንጻር 1.025፤ ለባህር ውሃ ልክ ነው። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ አሞኒያው ተመልሶ መጣ።

አንድ ንጋት ጋቢዬን ደርቤ እጄን ብነክር በረዶ! ቴርሞሜትሩ 16 ይላል። ለካ 50 ዋት ማሞቂያ ለዚህ አገር የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ሲበርደው ሥራው ይንቀራፈፋል።

200 ዋት ገዛሁ፣ ሦስቱን ጎን በፎም ሸፈንኩ። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኦክስጅን ያንሳል፤ ፓምፑን ውሃው ላዩ እንዲናወጥ ወደ ላይ አዞርኩት። 25 ዲግሪ ላይ ረጋ። በስድስተኛው ቀን ናይትራይት ታየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ዜሮ፣ ናይትሬት ብቻ ቀረ።

የሚተነውን የምተካው ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ጨው አይተንማ። መብራት ሲጠፋ ጋቢውን ለገንዳው አለብሳለሁ።